ከበሩ ወዲህ

«ወንበሮቹ ይግቡ፤ እሱ ግን እንዳይገባ።»

ይህን ያለችው የሟቹ አክስት ናት። የግቢውን በር በግማሽ ከፍታ፣ የተከፈተውን ግማሽ በራሷ ሞልታዋለች። ከውጭ የጋራዡ ፒክአፕ ቆሟል፤ ጭነቱ ላይ አርባ የፕላስቲክ ወንበር ተቆልሏል። ወንበሮቹን ከየት ከየት እንደሰበሰባቸው የማይታወቀው ቀጮ አራቱን በአንድ እጁ፣ አራቱን በሌላው አንጠልጥሎ ባለበት ደርቆ ቀረ። ከዚያ ምንም እንዳልተባለ ሰው ወንበሮቹን በሩ ሥር ደረደረና ሌላ ስምንት ሊያመጣ ተመለሰ። አርባውንም አውርዶ ጨረሰ። ጎረቤቶች እየተቀባበሉ አስገቧቸው። አክስትም የመጨረሻውን ወንበር ነቅነቅ አድርጋ፣ «ይሄ እግሩ ደህና አይደለም» አለችና በሩን ዘጋችው።

እህቲቱ ይህን ሁሉ በሳሎኑ መስኮት አየች።

አክስት ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ቤት ውስጥ ሐዘን ሲገባ ሰው ሁሉ እጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። አንዱ ብርጭቆ ያጥባል፣ አንዱ ወንበር ያስተካክላል፣ አክስት ደግሞ ጥፋተኛ ትይዛለች። አንዴ የያዘችውን እንዲህ በዋዛ የምትለቅ ሴት አይደለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቲቱ ታናሽ ወንድም፣ ጋራዥ ውስጥ «ብሎን» እያሉ የሚጠሩት መካኒክ፣ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሊዝናና ወጣ። እሑድ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ዛሬ ሰኞ ረፋዱ ላይ ተቀበረ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ቅዳሜ ማታ ደግፎ ወደ ቤት ያመጣው ቀጮ ነው፤ የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን። አክስት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

«አጠጥቶ አጠጥቶ፣ እንደ ዕቃ በር ላይ ጥሎት ሄደ» ትላለች ለሚገባው ሁሉ። ድምጿን ዝቅ የምታደርገው ለይምሰል ነው። ለቅሶ የመጡት ከንፈራቸውን እየመጠጡ፣ ከፔርሙዝ የተቀዳላቸውን ቡና ፉት እያሉ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ሐዘን ቤት ከሚመጣው ሰው ገሚሱ ሊያጽናና፣ ገሚሱ ደግሞ «ምን ሆኖ ነው?» የሚለውን ሊያጣራ ነው የሚመጣው። ሁለተኞቹ ረዘም ያለ ጊዜ ይቀመጣሉ።

እህቲቱ ታውቃለች፤ ቀጮ ወንድሟን አልጣለውም። አንድ ቃል ብትናገር በሩ ይከፈትለታል። ችግሩ፣ ያንን አንድ ቃል ካወጣች እናቷ አስከትላ የምትጠይቃት ሌላ ጥያቄ አለ። የዚያን ጥያቄ መልስ በእናቷ ፊት ለመናገር አቅም አልነበራትም። ከሐኪም ቤት የመጣች ዕለትም «ልቡ ነው አሉ» ብላ ዋሽታለች። ስለዚህ አሁንም ስኒ ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ሳሎኑ ጥግ ያለው የስፌት መኪናዋ አንሶላ ለብሶ የስኒ ማስቀመጫ ሆኗል። እናቷ ከአጠገቡ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አትነቅልም። የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው፤ እሷ ግን ሰዓቱን ነው የምታየው። ይህ ልማድ ከድሮ የመጣ ነው። አባትየው ግማሽ ጎኑ በድን ሆኖ አራት ዓመት ሙሉ ሲተኛ፣ እናት በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠው ነበር። ቀን ከሌት፣ ሳታዛንፍ። ሲሞት ሐኪሞቹ ጀርባው ላይ አንዲት ቁስል ባለማግኘታቸው ተገርመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት አልፏል፤ ሆኖም እናት ጭንቅ ሲይዛት ዓይኗ ወደ ሰዓት ይሄዳል።

ፒክአፑ አልሄደም። ከመንገዱ ማዶ ግንቡ ሥር ቆሟል። ውስጡ ሰው አለ።

*

ብሎን የተባለው አንድ ቦታ አርፎ ስለማይቀመጥ፣ ሁልጊዜ ስለሚዞር ነው። በተለይ ሲተኛ። ልጆች ሆነው ከእህቱ ጋር አንድ አልጋ ሲጋሩ፣ ማታ ራስጌ የነበረው ልጅ ጠዋት ግርጌ ይገኝ ነበር፤ እግሩም አንገቷ ላይ። «ይሄ ልጅ ሲተኛ መንገድ ይሄዳል እንዴ?» እያለች እህቱ እናታቸውን ታስቅ ነበር። የአምስት ዓመት ታላቁ ናት፤ እሱም «አለቃ» ይላታል። አለቅነቷን ለሸሚዝ ማስተኮሻ ሲፈልገው ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ሲያድግ ጨዋታ ወዳድ፣ እጁ ወርቅ የሆነ መካኒክ ወጣው። የሞተር ድምፅ ከበር ሲሰማ ሕመሙን ይናገራል። መጠጥም ይወድ ነበር፤ ይህ አይደበቅም። ሰካራም ግን አልነበረም። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንዲት ጠብታ አይነካም፤ የቅዳሜ ሰው ነው።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ፣ አብረው ሲጠጡ ያመሹት የጋራዡ ቀለም ቀቢ ራሱ እየነዳ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመ። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን እስከ ዛሬ ይጎተታል። ብሎን ያን ሰሞን ሳቅ አልነበረውም። ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ጋራዥ ገባ። ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርፅ በነጭ ቀለም የተሳለበት ሰሌዳ አለ፤ ፒንሳው በፒንሳ ቅርፅ ላይ፣ መዶሻው በመዶሻ ቅርፅ ላይ ይሰቀላል፤ የጎደለው ወዲያው ይታወቃል። እሱ ከዳር በኩል የመኪና ቁልፍ ቅርፅ ሣለ፤ ሚስማርም መታበት።

«ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰው ቁልፍ ያዥ ነው» አላቸው። «ተራ በተራ። ቁልፍ የያዘ ሰው ለስላሳ ብቻ ይጠጣል። ሁላችንንም በየቤታችን ያደርሳል። በር ተከፍቶልን ሳንገባም አይሄድም።»

አምስት ነበሩና በአምስት ሳምንት አንዴ ይደርሳል። መጀመሪያ ሳቁበት፤ በኋላ ኮሩበት። አራት ዓመት ሙሉ ፒክአፑ ላይ አንድ ጭረት አልታየም። የሌላ ጋራዥ ሰዎች ሳይቀሩ ቀዱት።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች መካኒኮች ናቸው። አደጋ ሲባል የሚታያቸው ጎማና ፍሬን ነው። የፈሩትን ሁሉ መንገድ ላይ አስቀመጡት። ከመውጣታቸው በፊት ግን እያንዳንዱ ቤቱ ሆኖ ጥቂት ይቀማምሳል፤ ውጭ መጠጡ ውድ ነው፣ ሳይሞቁ መሄድም ያሳፍራል ይላሉ። ይህንን «ሞተር ማሞቅ» ብለው ሰየሙት። ሲመለሱም መኪና ውስጥ አንዲት ጠርሙስ ከእጅ እጅ ትዞራለች፤ እሷ «ማቀዝቀዣ» ናት። ቁልፉ የሚጠብቀው መሃሉን ብቻ ነበር። መኪናውን ፈርተው አልጋውን ረሱት።

ያን ቅዳሜ ብሎን ቀኑን ሙሉ ከአንድ ከባድ መኪና ሞተር ሲያወርድ ውሎ፣ እህል ሳይቀምስ ነው የመጣው። ገላውን ታጥቦ ሞተሩን ሲያሞቅ እህቲቱ የተማሪዎች የደንብ ልብስ እየሰፋች ነበር። ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«አለቃ፣ ላንቺም ትንሽ ላሙቅልሽ?»

«እኔ ሳልሞቅም እሠራለሁ። ይልቅ ብላ።»

«ስመጣ።»

ምግቡን በሳህን ላይ ሳህን ከድና አስቀመጠችለት። ሳህኑ እስከ እሑድ እኩለ ቀን ድረስ እንደተከደነ እዚያው ነበር። ማን አንስቶ እንዳጠበው አታውቅም።

*

ማክሰኞ የጋራዡ ሰዎች መጡ። ታጥበው፣ አዳዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። የጥፍራቸው ጥቁር ግሪስ ግን በምንም አይለቅም። እግሩን የሚጎትተው ቀለም ቀቢ እናት ፊት ሲደርስ እያለቀሰ መሬት ላይ ተቀመጠ። እናት ራሱን ደባበሰችው።

ባለ ጋራዡ ደንዳና ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ያጉረመርማሉ። ቡና ስትቀዳላቸው ለጎናቸው ሰው የሚሉትን እህቲቱ ሰማች።

«ቁልፍ ያዡ እሱ ነበር። ሕጉን ራሱ ሟቹ ነው ያወጣው። ታዲያ ያን ልጅ ነገ ጓደኞቹ ዓይን ለዓይን እንዴት ያዩታል? አሰናብቼዋለሁ። ሌላ ኤሌክትሪሺያን አላጣም።»

ቡናው ከስኒው ሞልቶ እጃቸው ላይ ፈሰሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ግድ የለም ልጄ። ያጽናሽ።»

ጓዳ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የቀጮ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፤ ሰባተኛ ወሯ ነው። የሕፃኑን ልብሶች እህቲቱ ነች እየሰፋችላት ያለችው፤ ትንንሾቹ እጅጌዎች አሁንም አንሶላው ሥር፣ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ አሉ።

አንድ ስኒ ቡና ቀድታ፣ በጓሮ በኩል ዞራ ወጣች። መንገዱን ተሻገረች። ቀጮ የፒክአፑን መስታወት ዝቅ አደረገ። ፂሙ አድጓል፤ ሁለት ቀን ዓይኑን ያልከደነ ሰው ፊት ነው ያለው።

«ጠጣ» አለችው። ተቀበላት። ስኒውን መሪው ላይ አስደገፈው።

«ከሥራ አስወጡህ?»

«እሱን ተዪው።»

«ለምን አትናገርም? ያን ማታ የነገርከኝን ሁሉ ለምን ለአክስቴ አትነግራትም?»

«ምን ብዬ ልንገር? ለእሷ ነግሬያታለሁ፣ እሷን ጠይቁ ልበል?» ቡናውን ፉት አለ። «እናትሽ አንድ ልጅ ነው የቀራት። ያንንም እኔ ልውሰድባት?»

እህቲቱ ወደ ግቢው በር ዞር ብላ አየች።

«ደግሞ እኔስ ንጹሕ ነኝ እንዴ?» አለ ቀጮ። «አጎቴ እንደዚያው ነው የሞተው። በጀርባው ተኝቶ፣ ትውከቱ አፍኖት። አውቃለሁ። እያወቅሁ ሄድኩ። ሂድ ስትይኝ ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ደክሞኝ ነበር።»

ባዶውን ስኒ ሰጣት። «ወንበሩ በቃ?» ሲል ጠየቃት።

«በቃ።»

«ካነሰ ንገሪኝ፤ ሌላ ሃያ አገኛለሁ።»

ስትመለስ መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም። ያቺ ቅዳሜ በዓይኗ ላይ ትዞር ነበር። በሩ ሲንኳኳ እኩለ ሌሊት ገደማ ሆኖ ነበር። ቀጮ ወንድሟን ደግፎት ነው ከማለት ተሸክሞት ነው ማለት ይቀላል። ሁለቱ ተጋግዘው በእግር ጣታቸው እየሄዱ አልጋው ጋ አደረሱት። ቀጮ በጎኑ አስተኛው፤ የላይኛውን ጉልበቱን አጠፈለት፤ ትራስ አምጥቶ ከጀርባው ወተፈ።

«እንዲህ ይተኛ። ወደ ጀርባው እንዳይገለበጥ፤ ካስታወከ ያፍነዋል። ብቻውን አትተዪው። እየነቀነቅሽ እዪው፤ አልነቃ ካለሽ ደውዪልኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው?»

«ዛሬ በዝቶበታል። ከመውጣታችን በፊት ነው የጀመረው፤ ሆዱም ባዶ ነው። ማቀዝቀዣዋንም ብቻውን ነው የጨረሳት። እኔ ልቆይ እንዴ? እዚህ ወንበር ላይ ልቀመጥ።»

«ሂድ ባክህ፤ ሚስትህ ትጠብቅሃለች። ወንድሜን እኔ አላውቀውም?»

እንዲህ ብላው ነበር። ወንድሜን እኔ አላውቀውም።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰው ትንሽ ጋብ ሲል እናት ከፍራሹ ተነሥታ ወደ ልጇ ክፍል ገባች። እህቲቱ ተከተለቻት። የክፍሉ በር እንደ ወትሮው ሲጢጥ አለ። የመካኒክ ቤት በር ስንት ዓመት ሲጮህ ዘይት የሚያጠጣው አልተገኘም። «ነገ» ይል ነበር።

እናት ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቱታ አነሣች። ታጥቧል፤ ግን ግሪስ ይሸታል። ጭኗ ላይ ዘርግታ እጅጌውን ማጠፍ ጀመረች። አጠፈችው፤ ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው።

«እማዬ።»

«እ።»

«ቀጮ አልጣለውም።»

የእናት እጅ ቆመ። እህቲቱ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። ቀጮ እንዴት እንዳስተኛው፣ ምን እንዳላት፣ ልቆይ ብሎ እንደለመናት፣ እሷ ምን እንደመለሰችለት። ከዚያ ቀጮም የማያውቀውን፣ ከእሷ ሌላ ማንም የማያውቀውን ነገረቻት።

መጀመሪያ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል። አንዴ ዓይኑን ገልጦ «አለቃ» አላት። «እ?» አለችው። «እማዬን እንዳትቀሰቅሻት።» ይህ ቃል በሁለቱ መካከል አሥራ ሁለት ዓመት የኖረ ነው። አባታቸው የተኛ ሰሞን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እያለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰክሮ ሲመጣ በጓሮ አስገብታው፣ ሸሚዙን አጥባ፣ አፉን አስጉመጥምጣ አስተኝታዋለች። እናታቸው በየሁለት ሰዓቱ ለባሏ የምትነሣ ሴት ናት፤ ሌላ ሸክም ሊጨምሩባት አልፈለጉም። አባት ሞተ፤ ሸክሙ ቀለለ፤ ልማዱ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስንት ቅዳሜ እንደሸፈነችለት ቁጥር የለውም። በሩን እንኳ ሳይጮህ እንዴት እንደሚዘጋ ተምራለች፤ ከታች ቀና አድርገው ይዘው ቀስ ብለው ሲገፉት ድምፅ አያወጣም።

«ተኛ፣ አልቀሰቅሳትም» አለችው። ትንሽ ቆይቶ ትራሱ ተንሸራቶ ወደቀ፤ እሱም በጀርባው ተንጋለለ። ማንኮራፋት ጀመረ። ስታየው እንዲያውም ደስ አላት። ደህና እንቅልፍ ወሰደው ብላ ነው። ሲተኛ የሚዞር ልጅ ነው፤ አሁንም ይዞራል ብላ ነው። ማንኮራፋቱ ግን ቤቱን አናወጠው። እናታቸው ከኮሪደሩ ማዶ ተኝታለች።

«በሩን ዘጋሁት» አለች እህቲቱ። «እንዳትሰሚ ብዬ። ወደ ስፌቴ ሄድኩ። እዚያ ሆኜ እሰማው ነበር። ሁለት ቀሚስ ከሰፋሁ በኋላ ዝም አለ። እኔ፣ እማዬ፣ እኔ አረፈ ብዬ… ተገላብጦ ተኛ ብዬ ነው። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።»

ሐኪሟ ያለቻትንም ነገረቻት። ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ብላ ነው ያስረዳቻት። ሰው መጠጣት ካቆመም በኋላ ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ደሙ መግባቱን አያቆምም፤ እንቅልፍ የወሰደው የሚመስለው ሰው ራሱን እየሳተ ነው። እንደዚያ ያለው ማንኮራፋት ደህና እንቅልፍ ሳይሆን የጭንቅ ድምፅ ነው። ቢያስታውክም ሳል እንኳ አይቀሰቅሰውም። ይህን ሁሉ ሰምታ መጥታ ነው «ልቡ ነው አሉ» ያለቻቸው።

እናት ቱታውን ጭኗ ላይ እንደያዘች ነበር።

«በጀርባው ነበር?»

«አዎ።»

«በሩም ተዘግቷል።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ…» አለች እናት። «እኔ እኮ ሰው ሳገላብጥ የኖርኩ ሴት ነኝ።»

ይኸው ነበር እህቲቱ ሦስት ቀን ሙሉ የፈራችው። ስድብ አልፈራችም፣ እርግማንም አልፈራችም። በዚህ ቤት ውስጥ ልጁን ሊያድነው የሚችል እጅ ከኮሪደሩ ማዶ ተኝቶ ነበር፤ እሷ በሩን የዘጋችው በዚያ እጅ ላይ ነው።

እናት ቱታውን አጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችውና ተነሥታ ወጣች። ዞር ብላም አላየቻትም።

*

እህቲቱ በወንድሟ ክፍል መስኮት የምታየውን ማመን አቃታት። ከሰኞ ጀምሮ ከቤት ያልወጣችው እናቷ በባዶ እግሯ ግቢውን አቋርጣ ወደ በሩ ሄደች። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እኩል ተነሣ። አክስት ከኋላ ከኋላዋ፣ «የት ልትሄጂ ነው? ምን ጎደለሽ? እኔ አመጣልሻለሁ» እያለች ተከተለቻት። እናት በሩን በሁለት እጇ ወለል አድርጋ ከፈተችውና መንገዱን ተሻገረች።

የፒክአፑን መስታወት በጣቷ አንኳኳች። ቀጮ ሲወርድ ጭንቅላቱን ከበሩ አናት ጋር አጋጨው። በቁመቱ እጥፏ ነው፤ ግን እጁን ይዛ እየመራችው ስትመጣ ትምህርት ቤት እንደሚወሰድ ልጅ ነበር የሚከተላት። አክስት በሩ ላይ ቆማለች። ዘወር ማለት ነበረባት፤ ዘወርም አለች።

እናት ከወንበሮቹ አንዱን ስባ ግቢው መሃል አደረገችና፣ «ተቀመጥ» አለችው።

«እማማ፣ እኔ…»

«ተቀመጥ ልጄ። የራስህ ወንበር ነው።»

ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናት ቆማ ወደ ሰዉ ዞረች፤ ባለ ጋራዡም ከዳር በኩል ነበሩ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ልጄን በሰላም እቤቴ ያደረሰው ይሄ ነው። አስተኝቶታል፣ ምን እንደሚደረግለትም ተናግሯል፤ የሰማነው የለም። ቁልፍ ያዥ ሥራው እስከ በር ነው። ከበሩ ወዲህ ያለው የእኛ ነው።»

የእኛ ነው ያለችው። እህቲቱ ቃሏን በመስኮቱ ውስጥ ሆና ሰማች፤ የእሷ አላለችም። ግን ደግሞ አልጠራቻትም፤ ወደ መስኮቱም ቀና ብላ አላየችም።

ባለ ጋራዡ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ተነሥተው የቀጮ ትከሻ ላይ እጃቸውን ጣሉና አንድ ነገር አጉረመረሙለት። ቀጮ ራሱን ነቀነቀ። አክስት ጓዳ ገብታ ቡና ቀድታ አመጣች። ስኒውን ለቀጮ ስትሰጠው ዓይኑን አላየችውም፤ ስኳሩን ግን ራሷ አማሰለችለት። ከእሷ ይህም ብዙ ነው።

እህቲቱ ከመስኮቱ ዞር አለች። ለሦስት ቀን ያልተኛችው እንቅልፍ አንድ ላይ መጣባት። ወደ ራሷ ክፍል መሄድ አቅቷት እዚያው፣ ወንድሟ አልጋ ላይ፣ ቱታውን ገፋ አድርጋ በጀርባዋ ተዘረረች። ኮርኒሱን አየችው። እሱም በመጨረሻ ያየው ይህንኑ ነው፣ ያየ እንደሆነ። የከሰዓት ፀሐይ መጋረጃው ላይ ነበረች። ከግቢው የሰው ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማች። ዓይኗን መግለጥ አልቻለችም፤ ወይም ፈራች። የባዶ እግር ኮቴ ወደ አልጋው ቀረበ። ከዚያ ቆመ። ብዙ ቆመ።

አንድ እጅ ከትከሻዋ ሥር ገባ፤ ሌላው ከዳሌዋ ሥር። ጠንካራ ናቸው እጆቹ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ። ሳያስቸኩሉ፣ ሳያንገራግጩ በጎኗ አዞሯት። የላይኛው ጉልበቷ ታጠፈ። ክንዷ ከጉንጯ ሥር ተመቻቸ። ትራሱም ከጀርባዋ ተወተፈ፤ እንዳይንሸራተት ደግሞ የተጣጠፈው ቱታ ከትራሱ ኋላ ገባ። እጁ ጀርባዋ ላይ ቀረ፤ ትንፋሿ ሲወጣ፣ ሲገባ፣ ሲወጣ ጠበቀ። የእህቲቱ እንባ በአፍንጫዋ ላይ ተሻግሮ ትራሱ ላይ ወረደ።

«ተኚ» አለች እናት። «አለሁ።»

ወጥታ ከአርባዎቹ ወንበሮች አንዱን ይዛ ተመለሰች። በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችና እንዳይዘጋ ወንበሩን ከሥሩ አስደግፋ፣ እዚያው ላይ ተቀመጠች።